ሁለተኛው ዐይን

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ዘንድ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ አንድ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም መላእክትና ጻድቃን፣ ሰማዕታትና እመቤታችን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው፣ ሁለቱ ዐይኖቻቸው ጎልተው ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ጭፍሮቹ፣ በምሴተ ሐሙስ ማዕድ የተቀመጠው ይሁዳ፣ ጌታንም የሚገርፉት ወታደሮች ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዐይን ብቻ የሚሣሉበት ሥርዓት ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታ በልጅነት ድፍረት፣ «ሰይጣን ለምን አንድ ዐይን ብቻ ሆነ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሁለተኛውማ አለው፤ አንተ እንዳታየው ነው እንጂ» ብለው መለሱልኝ። በሥዕል ፊት ቆሞ የሚጸልይ ሰው ከተሣለው ቅዱስ ጋር ዐይን ለዐይን እንደሚተያይና ይህም መተያየት ራሱ የጸሎቱ ክፍል እንደ ሆነ የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ሠዓሊውም ለክፉው ሁለተኛውን ዐይን የነሣው መልኩን ለማበላሸት ሳይሆን እኛ ከእርሱ ጋር እንዳንተያይ ለመከልከል መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ይህን የቆየ ነገር ያስታወሰኝ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር በምኖርበት ቤት፣ የእህቴ ልጅና ባልንጀሮቹ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰቡ የሚያዩት ፊልም፣ ይልቁንም ከፊልሙ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቀው ክርክራቸው ነው። ክርክራቸው ጆከር ስለሚባለው፣ በአሜሪካ የሥዕል መጽሔት ውስጥ ተወልዶ ዛሬ በዓለም ሁሉ ስለ ታወቀው የባትማን ባላጋራ ነው፤ ይህን አንድ ክፉ ሰው ልዩ ልዩ ተዋንያን በልዩ ልዩ ዘመን ስለ ተጫወቱት፣ ከእነዚህ ማንኛው በለጠ በሚለው ነገር ልጆቹ ሊስማሙ አልቻሉም። በመጨረሻም አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፥ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለኝ። ሳያዩ መፍረድ ኃጢአት ስለ ሆነ ፊልሞቹን በየተራ ተመለከትኋቸው፤ ነገሩም ከጨዋታ ያለፈ ሆኖ ስላገኘሁት ፍርዴን በዚህ ጋዜጣ ላይ ለመስጠት ተነሣሁ። (የፊልሞቹን ዘመን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ካርታ የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው ጆከር የራሱ ወገን የሌለው ካርታ ነው፤ ከጎደለው ሥፍራ ሁሉ ገብቶ የጎደለውን ይመስላል። ለዚህ ገጸ ባሕርይ ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝለት አይችልም ነበር። በ1940 በወጣው የባትማን መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ሲገለጥ ፈጣሪዎቹ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ቢል ፊንገር፣ ቦብ ኬንና ጄሪ ሮቢንሰን፤ የማንኛቸው ድርሻ እንደሚበልጥ ግን ሳይስማሙ ኖሩ። ስለ ፊቱ አመጣጥ የሚነገረው የበለጠ ያስደንቃል። የጆከር ፊት የተቀዳው ኮንራድ ፋይት የተባለው ጀርመናዊ ተዋናይ በ1928 ከተጫወተው ፊልም ነው፤ ፊልሙም «ምንዱባን» በሚለው የአማርኛ ትርጉም የምናውቀው ቪክቶር ሁጎ በ1869 ካሳተመው ሌላ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። የዚያ ታሪክ ባለቤት ገና በሕፃንነቱ ክፉዎች ፊቱን ቀድደው፣ እያለቀሰ እንኳ የሚስቅ እንዲመስል ያደረጉት፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ምስኪን ነበር። እንግዲህ የዓለሙ ታላቅ ክፉ ሰው የለበሰው ጭምብል ከተበደለ ሕፃን ፊት ላይ የተገፈፈ ነው ማለት ነው፤ ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከ1966 ጀምሮ በቴሌቪዥን የተጫወተው ሴዛር ሮሜሮ ለልጆች መሳቂያ የሚሆን ጆከር ነበር፤ ጢሙን አልላጭም ብሎ ስለ ነበር ነጩን ቀለም ከነጢሙ ላይ ቀቡት፤ ዛሬም ተጠግቶ ላስተዋለ ጢሙ ከቀለሙ ሥር ይታያል። በ1989 ቲም በርተን ባዘጋጀው ፊልም ጃክ ኒኮልሰን መጣ፤ እርሱ የተጫወተው ወንበዴ ስም አለው፣ ጌታ አለው፣ በፋብሪካ መርዝ በርሜል ውስጥ ወድቆ መልኩ የተለወጠበት ሰዓትም አለው። ኒኮልሰን ሲስቅ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያየሁት ኒኮልሰንን ነው እንጂ ክፋትን አላየሁም። ከ1992 ጀምሮ በሥዕል ፊልም ፊቱ ሳይታይ በድምፁ ብቻ የተጫወተው ማርክ ሃሚል ከሁለቱም ይልቅ አስፈርቶኛል፤ ድምፅ የሚተያዩበት ዐይን የለውምና።

ከሁሉም ይልቅ ልቆይበት የምወደው በሂዝ ሌጀር ላይ ነው። ይህ አውስትራሊያዊ ወጣት ክሪስቶፈር ኖላን በ2008 ላቀረበው ፊልም ሲዘጋጅ በሆቴል ክፍል ውስጥ ራሱን ለሳምንታት ዘግቶ፣ የገጸ ባሕርዩን ሐሳብ በማስታወሻ ደብተር እየጻፈ፣ ድምፁንና ሳቁን ሲፈልግ ሰነበተ፤ ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ ከወራት በፊት በጥር 2008 በ28 ዓመቱ አረፈ፤ የኦስካሩን ሽልማት በማግስቱ ዓመት የተቀበሉለት ወላጆቹና እህቱ ናቸው። ሞቱ ለዝናው እንደ ጨመረለት የሚናገሩ አሉ፤ እኔ ግን ሞቱን ሳላስብ ሥራውን ብቻ ለመመልከት ደከምሁ፤ ሥራውም ያለ ሞቱ የቆመ ነው።

በዚያ ፊልም ውስጥ ጆከር የአፉ ጠባሳ እንዴት እንደ መጣ ሁለት ጊዜ ይናገራል። ለአንዱ ወንበዴ ሰካራም አባቱ በስለት እንደ ቀደደው ይነግረዋል፤ ለአንዲት ሴት ደግሞ ሚስቱ ፊቷ በስለት ስለ ተበላሸባት፣ ጠባሳ ግድ እንደማይሰጠው ሊያሳያት ብሎ በገዛ እጁ እንዳደረገው ይነግራታል። ተመልካቹ የመጀመሪያውን ሲሰማ ያዝንለታል፤ ሁለተኛውን ሲሰማ ግን የቀደመ ኀዘኑ እንደ ተሰረቀበት ያውቃል። በሦስተኛው ጊዜ ለባትማን ሊነግረው ሲጀምር ባትማን አያስጨርሰውም። ፖሊሶች ይዘውት በፈተሹት ጊዜም የጣቱ አሻራ በመዝገብ የለም፣ ስም የለው፣ ልብሱን የሰፋው አይታወቅ፣ በኪሱም ከቢላዋ በቀር የረባ ነገር አልተገኘበትም። ሌጀር ዐይኑን ወደ እኛ ያቀናል፤ ነገር ግን በዚያ ዐይን ውስጥ የሚገባበት በር የለም። የድሮው ሠዓሊ በቡሩሽ ያደረገውን እርሱ ፊቱን ሳያዞር በትወና አደረገው፤ ሁለተኛው ዐይን እንዳለ ነገረን፣ አላሳየንምም።

ወደ እንጦጦ ጸበል ቦታዎች ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። አጥማቂው ካህን በመስቀሉ እየባረከ፣ በመቁጠሪያውም እየዳሰሰ፣ በሕመምተኛው ላይ አድሮ የሚጮኸውን መንፈስ፣ «ስምህ ማነው? ከየት መጣህ? ለምን ገባህበት?» ብሎ ይጠይቀዋል። መንፈሱም ይለፈልፋል፤ ዛሬ ከወንዝ ዳር ያዝሁት ይላል፣ ነገ ጎረቤት በመተት ልኮኝ ነው ይላል፣ ከነገ ወዲያም የአያቱ ዛር ነኝ ይላል። በዕድሜና በትዕግሥት የበሰሉ አባቶች ይህን ልፍለፋ ይሰሙታል እንጂ አይመሰክሩበትም፤ ጎረቤትንም በእርሱ ቃል አይከስሱም፤ በወንጌል የሐሰት አባት የተባለው እርሱ መሆኑን ያውቃሉና። ሌጀር በኖረበት አገር እንዲህ ያለ ጸበል አይቶ እንደማያውቅ እገምታለሁ፤ የተጫወተው ግን ይህንኑ፣ ስሙን ሲጠይቁት ተረት የሚያወራውን መንፈስ ነው። ባለቅኔው ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር ኦቴሎ ውስጥም ኢያጎ እንዲሁ ነው፤ ሹመት ተነፈግሁ ይላል፣ ሚስቴን ጠረጠርሁ ይላል፣ ምክንያቱን ያበዛል፤ በመጨረሻ ተይዞ ለምን ይህን ሁሉ እንዳደረገ በተጠየቀ ጊዜ ግን አፉን ይዘጋል። ምክንያት የበዛለት ክፋት ምክንያት የሌለው ክፋት ነው።

በ2016 ያሬድ ሌቶ በንቅሳትና በብር ጥርስ አጊጦ መጣ፤ ጌጡን አየሁ፣ ክፋቱን አላየሁም፤ ከዚህ በላይ ልጽፍበት አልሻም። በ2022 ባሪ ኪዮገን ከእስር ቤት በር ወዲያ ሆኖ ፊቱ በከፊል ብቻ እየታየ ለጥቂት ደቂቃ ተጫወተ፤ ያን ያህል ፊት ለዚያ ያህል ጊዜ ማሳየት ማስተዋል ነው።

አሁን ክርክሩ ወደሚከርርበት፣ ልጆቹም እኔን ወደ ተቆጡበት ቦታ ደረስሁ። ቶድ ፊሊፕስ በ2019 ያቀረበው «ጆከር» በቬኒስ የወርቅ አንበሳ የተሸለመ፣ ተዋናዩን ሆአኪን ፊኒክስንም ለኦስካር ያበቃ ሥራ ነው። ፊኒክስ ለዚህ ሥራ ከ20 ኪሎ በላይ ከስቶ፣ አጥንቱ በጀርባው ላይ እየተቈጠረ፣ አርተር ፍሌክ የተባለውን ከእናቱ ጋር የሚኖር ድኻ ሆኖ ይታያል፤ አርተር ሳይፈልግ የሚስቅ፣ ሳቁንም ማቆም የማይችል ሕመምተኛ ነው፤ ሳቁ ሕመም መሆኑን የሚገልጽ ካርድ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ከተማው የማኅበራዊ አገልግሎቱን ገንዘብ በቈረጠ ጊዜ አማካሪውም መድኃኒቱም ይቀሩበታል። የፊኒክስን ጥበብ የሚንቅ ሰው ዐይን የለውም። እያለቀሰ የሚስቀው ያ ሁጎ የጻፈው ሕፃን ከ150 ዓመት በኋላ የተገፈፈበትን ፊት ሊያስመልስ የመጣ እስኪመስለኝ ድረስ ልቤ ተነክቶ ነበር።

ነገር ግን ፊልሙ ያን ፊት መልሶ ከሰጠው በኋላ ሽጉጥ ያስጨብጠዋል። መድኃኒቱን ያጣ ሕመምተኛ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን፣ ሲገድልም ነፃ እንደ ወጣና እንዳማረበት ሆኖ በደረጃው ላይ ሲጨፍር ያሳየናል። ከመኖሪያዬ ሆኜ በየማለዳው የማየውን ልናገር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ገና በጉም ተሸፍኖ ሳለ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እጅ እጃቸውን ይዘው ወደ ጸበሉ ዳገቱን ይወጣሉ፤ ከአማኑኤል ሆስፒታል የታዘዘለትን ኪኒን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትወጣ አለች። ከእነዚህ መካከል በሠፈራችን ያደገ፣ ብቻውን እየሳቀ የሚሄድ አንድ ወጣት አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት በሰው ላይ እጁን ሲያነሣ አላየሁም፤ ድንጋይ ሲወረወርበት ግን አይቻለሁ። ያ ፊልም ወደ ሠፈራችን ከገባ ወዲህ ልጆች ስሙን ትተው ጆከር ይሉት ጀመር፤ ከፊት ለፊታቸው ሲመጣም በመፍራት መንገድ የሚለቁ ሴቶች አየሁ። እናቱ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ጠይቃኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት አጣሁ። ሌጀር ክፋትን ከሰው ለይቶ ስለ ተጫወተው በመንገድ ላይ የሚሄድ ማንም ሰው እርሱን አልመሰለም፤ ፊኒክስ ግን በሕመምተኛ ፊት ላይ ስለ ተጫወተው ሕመምተኛው ሁሉ እርሱን መሰለ። አጥማቂው ካህን እንኳ የሚገሥጸው መንፈሱን ነው እንጂ ልጁን አይደለም፤ ጥምቀቱ ሲያበቃ ልጁን በስሙ ጠርቶ ይባርከዋል።

«ታዲያ ጋሼ፥ ክፉ ሰው ከመክፋቱ በፊት ምን እንደ ደረሰበት አይነገርም ማለት ነው?» አለኝ የእህቴ ልጅ ባልንጀራ። አይደለም። ይነገራል፤ በእኛ ዘንድም ተነግሯል፤ ልጆቹ ይህን አለማወቃቸው የእኛ የሽማግሌዎቹ ጥፋት ነው። በተአምረ ማርያም የሚነበበው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ምንድር ነው? የቅምር ሰው የሆነው ይህ ባለጸጋ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ ሰይጣን በሥላሴ አምሳል እንግዳ ሆኖ ገብቶ ልጁን እንዲያርድለት አዘዘው፤ አረደው፣ ከሥጋውም ቀመሰ፤ ከዚያ በኋላ ልቡናው ተለወጠና ሚስቱንና ቤተ ሰዎቹን ሳያስቀር 78 ነፍስ በላ። ከዚህ የባሰ በደል በማንም ላይ አልደረሰም፤ ከዚህም የባሰ ክፉ ሰው በሥዕል መጽሔት አልተጻፈም። አንድ ቀን ግን ሰውነቱ በደዌ የቈሰለ፣ በውኃ ጥም የተቃጠለ ሰው አግኝቶ፣ ያ ድኻ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሞተም ጊዜ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያ ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ሆነው በሚዛን ተመዘኑ፤ እመቤታችንም በውኃው ላይ ጥላዋን ብትጥልበት ውኃው መዘነ። የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚጎርፈው ሕዝብ የሚሰማው ይህንኑ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ዘወትር የሚገርመኝ ሚዛኑ ነው። ደራሲው ምሕረትን ሊሰብክ ሲነሣ የሞቱትን ሊደብቃቸው፣ ወይም «ይገባቸው ነበር» ሊላቸው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ቈጥሮ፣ 78 ናቸው ብሎ፣ በዐይናችን ፊት በሚዛኑ ላይ አስቀመጣቸው። የክፉው ሰው ኀዘን የሞቱትን አላቀለላቸውም። በፊኒክስ ፊልም ውስጥ በመጀመሪያ በባቡር ውስጥ የሚገደሉት ሦስት ጎልማሶች አስቀድመው ሴት ሲተነኩሱ የታዩ ባለጌዎች ናቸው፤ በኋላ የሚገደለው የቴሌቪዥን አቅራቢም በድኻው ላይ በአደባባይ ያላገጠ ነው፤ ተመልካቹ ስለ ማንኛቸውም እንዳያለቅስ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ሚዛኑ አንድ ሳሕን ብቻ ነው ያለው።

ይህን ስል ግን አንዲት ክፍል ትከራከረኛለች፤ ስለ እርስዋ ሳልመሰክር ብቀር ሐሰተኛ እሆናለሁ። አርተር በቤቱ ውስጥ አንድ የሥራ ባልንጀራውን ይገድላል፤ ከሟቹ ጋር የመጣው ጌሪ የተባለው ቁመቱ አጭር ሰው በግድግዳው ሥር ተኮማትሮ ይንቀጠቀጣል። አርተርም እንደማይነካው ይነግረዋል፤ ከሰው ሁሉ ለእርሱ ደግ የነበረው ጌሪ ብቻ ነውና ግንባሩን ስሞ ያሰናብተዋል። በሠላሳና በአርባ ሰው መሳለቂያ ውስጥ የተገኘች ያች የጌሪ ደግነት ያ ጥርኝ ውኃ ናት። የፊኒክስ ሁለቱ ዐይኖች በእውነት የተገለጡት በዚያች ክፍል እንጂ ሁሉም በሚያወራለት የደረጃ ጭፈራ ላይ አይደለም።

በ2024 የወጣው ተከታዩ ፊልም በብዙዎች ዘንድ አልተወደደም፤ ገንዘቡንም አልመለሰም፤ ልጆቹም ሳይጨርሱት ዘግተውት ነበር። እኔ ግን እስከ መጨረሻው እንዲያዩት ለመንኋቸው፤ በችሎቱ ክፍል ጌሪ ለምስክርነት ይጠራልና። ጠበቃውን አሰናብቶ ራሱ የሚከራከረው አርተር በአስቂኝ ድምፅ ሊያላግጥበት ሲሞክር፣ ያ ትንሽ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ፍርሃት እንዳልለቀቀው እንባ እየተናነቀው ይናገራል፤ ከሰው ሁሉ ሳያሾፍበት የኖረው አርተር ብቻ እንደ ነበረም ይመሰክራል። የሚዛኑ ሌላኛው ሳሕን ከአምስት ዓመት በኋላ መጣ። ያን ጊዜ ፊኒክስ የሚናገረውን አጥቶ ዝም ሲል፣ በሁለቱ ፊልሞች ውስጥ ካደረገው ሁሉ ያ ዝምታ በለጠብኝ፤ ተመልካቹ ፊልሙን የጠላው ምናልባት የሚወደውን ክፉ ሰው በዚያ ሚዛን ላይ ሊያየው ስላልወደደ ይመስለኛል።

ለልጆቹ የሰጠሁት ፍርድ ይህ ነው፦ ሰይጣንን ከተጫወቱት ሌጀር ይበልጣል፤ ሰውን ከተጫወቱት ፊኒክስ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ፊልም ግን ሁለቱን ቀላቅሎ የሰይጣኑን ሥራ በሕመምተኛው ትከሻ ላይ ጭኗልና ስለዚህ እወቅሰዋለሁ። ፍርዴን አልተቀበሉትም፤ አንደኛውማ፣ «ጋሼ፥ እርስዎ ፊልም ሳይሆን ተአምር ነው የሚያዩት» አለኝ። እኔም ሌላ ነገር ሳልጨምር የጌሪን ክፍል መልሰው እንዲከፍቱልኝ ብቻ ለመንኋቸው፤ ከፈቱልኝ። ጌሪ እየተንቀጠቀጠ ሬሳውን ተሻግሮ ወደ በሩ ይሄዳል፤ እጁን ይዘረጋል፤ መቀርቀሪያው ከእጁ በላይ ስለ ሆነ አይደርስበትም፤ ዞሮም ደም የተረጨበትን ሰው እንዲከፍትለት ይለምነዋል። አርተርም ተነሥቶ ይከፍትለታል። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን በዚህ ቦታ ስቀው ነበር። በዚያ ማታ በክፍሉ ውስጥ ድምፅ አልነበረም።